ቢ የትኛዋ ናት? ለኦ ክፍላችን የድጋፍ ጥሪ

የደብረ ብርሃን ሰዎች፣ ወላጆች፣ እዚህ ተምራችሁ ሩቅ አገር ያላችሁም፤

ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የኦ ክፍል መምህርት ነኝ። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ከሀ እስከ ፐ አንድም ሳትስት ወረደችው። በዜማ፣ ጮክ ብላ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበላት። ገበታው ላይ «ቢ የትኛዋ ናት?» ስላት ግን ዝም አለች። ጣቷን በ ላይ አሳርፋ «በ፣ ቡ፣ ቢ» ብላ ቆጥራ ደረሰችባት። ቢን ለብቻዋ ወረቀት ላይ ስጽፍላት አላወቀቻትም።

ልጅቷ ጎበዝ ናት። በዜማ መቁጠር ከየኔታ ጀምሮ የመጣ ትምህርታችን ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ አልተውም። ነገር ግን በዜማ የተያዘ ፊደል ተያይዞ ነው የሚመጣው። «ቤት» ብሎ ለማንበብ ቤን ከበ ቤተሰብ፣ ትን ከተ ቤተሰብ መዝዞ ማውጣት ያስፈልጋል። ለአምስት ዓመት ልጅ ይህ ከባድ ነው።

ስለዚህ በሁለተኛው መንፈቅ በጭቃ ጀመርን። ልጆቹ ጭቃውን አድቦልቡለው በን ሠሩ። ትንሽ ቁራጭ ቀኝ ጎኗ መሃል ላይ ሲለጥፉባት ቡ ሆነች። ያችኑ ቁራጭ ወደ እግሯ ሲያወርዷት ቢ። ጠምዝዘው ቀለበት ሲያደርጓት ቤ። ቁራጯን አንስተው ቀኝ እግሯን ሲያስረዝሙላት ደግሞ ባ። ከዚያ ለን ሠርተው ያንኑ ደገሙት፤ ሉ፣ ሊ፣ ሌ፣ ላ። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ እነዚህም እንደነዚያ ናቸው!» ብሎ ጮኸ። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ስንት ዓመት ሳስተምር ይህን እንዲህ ግልጽ አድርጌ አሳይቻቸው አላውቅም ነበር።

ሳድስ፣ ስድስተኛው ድምፅ፣ ያስቸግራል። ብ፣ ል፣ ን፣ ት እያንዳንዳቸው የራሳቸው አመል አላቸው። እነሱን ትሪ ላይ በተነሰነሰ አሸዋ፣ በጣት ደጋግመን ጻፍን። አሸዋ ደግነቱ ስህተት አይዝም፤ ነቅነቅ ሲያደርጉት ይጠፋል። ወረቀት ላይ ሲሳሳት የሚያለቅስ ልጅ አሸዋ ላይ ይስቃል።

ሌላም ጥቅም አለው። ብዙዎቹ እርሳስ የሚይዙት በጡጫ ነው፣ ወረቀቱን ይቀድዱታል። ጣታቸው ገና አልጠነከረም። ጭቃ መጭመቅ፣ ዶቃ በክር መሰካት፣ ክዳን መክፈትና መግጠም ለጣት ጉልበት ይሰጣል። ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ይቀላል።

አሁን ወደ ጥሪዬ ልምጣ። ጭቃው ሰኞ ተሠርቶ ዓርብ ይሰነጠቃል። የከተማችን ብርድም አለ፤ ጠዋት እርጥብ ጭቃ ሲነኩ እጃቸው ይደነዝዛል። ገበያ ላይ ያለው የፕላስቲክ ፊደል ደግሞ አብዛኛው ኤቢሲዲ ነው። ስለዚህ የራሳችንን የእንጨት ፊደል ማሠራት እንፈልጋለን። 33ቱ ሆሄያት በሰባት ድምፅ 231 ይሆናሉ፣ ሁሉንም መቅረጽ ግን አያስፈልግም። ግዕዙን (የመጀመሪያውን ድምፅ) እና ሳድሱን፣ የሚገጣጠሙትን ቁራጮች፣ እንደ ሩና ፉ ያሉ ከመስመር የወጡትን ለብቻ ብንሠራ ይበቃል። ክፍላችን 54 ልጆች ስላሉት 6 ሙሉ ስብስብ እንፈልጋለን። የአንዷ ተማሪ አባት አናጺ ናቸው፤ የእጄን አልጠይቅም፣ ጣውላውን ብቻ አምጡልኝ ብለዋል። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ጣውላ ያላችሁ ትርፍራፊም ቢሆን ስጡን። ጠርዝ ያለው አሮጌ ትሪ፣ 18 ያህል ይበቃናል። የተነፋ አሸዋ። ግሮሰሪ ያላችሁ ቆርኪ አትጣሉ፣ እያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ጽፈን ልጆቹ ስማቸውን ይደረድሩበታል። ደብተርና እርሳስ ብዙ ሰው ያመጣልናል፣ እናመሰግናለን። ለዚህ ዕድሜ ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይህ ነው።

ገንዘብ መስጠት የምትፈልጉ፣ በትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ብቻ ስጡ። ደረሰኝ ይቆረጥላችኋል። በእኔም ሆነ በሌላ ግለሰብ ሒሳብ ገንዘብ እንዳታስገቡ አደራ። የተገዛው ነገር ከነዋጋው በር ላይ ይለጠፋል።

ገንዘብም ዕቃም የሌላችሁ እናቶችና አባቶች፣ በተለይ አያቶች፣ በሳምንት አንድ ጠዋት ኑልን። «እንቆቅልሽ» በሉ፣ ልጆቹ «ምን አውቅልሽ» ይበሉ። ተረት ንገሯቸው። እነሱ ከተረቱ የያዙትን ሲነግሩኝ እኔ ትልቅ አድርጌ እጽፍላቸዋለሁ። የተናገሩት ነገር ተጽፎ ሲያዩት ዓይናቸው ይበራል። የምጽፈው በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው፣ ወረቀት ቶሎ ይቀደዳል። ነጭ ጆንያ ያላችሁ አጥባችሁ ላኩልኝ። መስከረም ክፍል ሳይከፈት፣ በነሐሴ ውስጥ ቢደርሰን ሰፍተን እናዘጋጀዋለን።