የምስጋና መልእክት፦ በኔዘርላንድስ፣ ባሕር ዳር ባለችው ስኬቬኒንገን በሐዘናችን አብራችሁን ለነበራችሁ ሁሉ

ወንድማችን ባሕር ላይ በደረሰበት ድንገተኛ አደጋ ከዚህ ዓለም በሞት በተለየ ጊዜ ሐዘናችንን ሐዘናችሁ ላደረጋችሁ ሁሉ ምስጋናችን ከልብ ነው። የሆነውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም፤ አቅሙም የለኝም።

ከሁሉ አስቀድሜ ባሕሩ ዳር ያለችውን የጥንቷን የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን በር ከፍተው ያስገቡንን እናት ላመስግን። ፍለጋው ገና ሳያልቅ፣ ነፋሱ አሸዋ እያነሳ ሲገርፈን፣ እናቴን በክንዷ ደግፈው ያስገቧት እሳቸው ናቸው። ሃይማኖታችሁ ምንድን ነው አላሉንም። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ስትቀመጥ፣ በዚያ ዕድሜያቸው አጠገቧ ቁጭ አሉ። በቋንቋ አይግባቡም፤ እጇን ግን አልለቀቁም። ቡና በቴርሞስ ያመጡልን፣ ካፖርታቸውን አውልቀው ያለበሷት፣ ኧረ ስንቱን ልጻፍ!

ያቺ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1570 የመጣው የባሕር ማዕበል የመንደሩን እኩሌታ ጠርጎ ሲወስድ የተረፈች ናት። ድሮ ቤቶች ከበዋት እንደነበረና ባሕሩ እንዲህ የቀረባት ከዚያ ወዲህ መሆኑን እሳቸው ነገሩኝ። ስንት የዓሣ አጥማጅ ሚስት ባሏን ከባሕር እየጠበቀች እዚያ እንደጸለየች ሲያወሩልኝ፣ ልቤ ትንሽ አረፍ አለ። የወንድሜን ትንሽ ልጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1617 ባሕሩ ዳር የወጣውን የዓሣ ነባሪ የራስ ቅል አሳዩት። "ይሄ ሁሉ ጭንቅላት ነው?" ብሎ ሲጠይቅ፣ በዚያ ሰሞን ድምፁን የሰማነው ያኔ ብቻ ነው።

በዚያ ሞገድ ሌሊቱን ሙሉ የፈለጋችሁ የነፍስ አድን ጀልባ በጎ ፈቃደኞች፣ ውለታችሁን የምንከፍልበት የለንም። አባቶች ካህናት፣ የእድራችን አባላት፣ ከሮተርዳምና ከአምስተርዳም ድረስ የመጣችሁ፣ ከአገር ቤት በስልክ ያጽናናችሁን፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ስማችሁን ሳልጠራ የቀራችሁ በጣም ብዙ ናችሁ። ይቅር በሉኝ፤ ማን እንደመጣ እንኳ በውል አላየሁም።

እኚያ እናት በቀብሩ ዕለት ጥቁር ለብሰው መጡ። ጸሎተ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከእኛ ጋር ቆሙ። እናቴ አሁን "እኅቴ" ነው የምትላቸው። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ከመላው ቤተሰብ