ለእማዬ፣ ስለ በቆሎውና ስለ ወንድሜ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ለመስቀል መጥቼ እሸት እየጠበስሽ ያልሽኝ ነገር እስከ ባሕር ዳር ተከትሎኝ መጣ። «ድሮ በቆሎ ደምበጫ ርካሽ፣ ማርቆስ ውድ ነበር። መኪና ሲበዛ ዋጋው ተቀራረበ። አገርና አገርስ በሩን ቢከፋፈት ኑሮው አይቀራረብም?» አልሽኝ። ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ስለነበር፣ ጥያቄው ከሆድሽ እንደወጣ ገብቶኛል። ያኔ መልስ አጣሁልሽ።

የሜክሲኮን ልንገርሽ። እነሱም የበቆሎ ሰዎች ናቸው፤ የዕለት እንጀራቸው ከበቆሎ ነው። በፈረንጆቹ 1994 ከአሜሪካና ከካናዳ ጋር ነፃ ንግድ ጀመሩ። የአሜሪካ ገበሬ በማሽን ያጭዳል፤ መንግሥቱም ይደጉመዋል። ርካሽ በቆሎው ሲገባ፣ ሁለት ሦስት ጥማድ ያለው የሜክሲኮ ገበሬ በዚያ ዋጋ ሸጦ መኖር አቃተው። ድንበሩ አካባቢ ፋብሪካ በዝቶ ሥራ ያገኘ አለ፤ እሱን አልክድም። ውሉ ግን ዕቃ አሳለፈ እንጂ ሰው አላሳለፈም። ስንቱ በረሃውን በእግሩ አቋርጦ በድብቅ አሜሪካ ገባ! 30 ዓመት አልፎም የሜክሲኮና የአሜሪካ የገቢ ልዩነት አልጠበበም።

ፖላንድ ሌላ ናት። በፈረንጆቹ 2004 የአውሮፓ ኅብረት ስትገባ የነፍስ ወከፍ ገቢዋ የኅብረቱን አማካይ ግማሽ ገደማ ነበር። እንግሊዝ፣ አየርላንድና ስዊድን ሠራተኛዋን ወዲያው ተቀበሉ። ወጣቱ በሕጋዊ ወረቀት ሄደ፤ ሲፈልግም ተመለሰ። ኅብረቱም ለመንገዱ፣ ለባቡሩ ገንዘብ አፈሰሰላት። ዛሬ ወደ አማካዩ 80 በመቶ ተጠግታለች።

ስለዚህ እማዬ፣ ዋጋውን በተመለከተ ልክ ነሽ። ኑሮ እንዲቀራረብ ግን ደካማውን የሚደግፍ ያስፈልጋል፤ የሄደውም በክብር ሄዶ በክብር መመለስ አለበት። እኛ አፍሪካውያንም በፈረንጆቹ 2018 ሩዋንዳ ኪጋሊ ላይ የነፃ ንግድ ውል ተፈራርመናል። ሰው በነፃ እንዲዘዋወር የወጣውን ውል ያጸደቁት አገሮች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ይህ ነው ቅር የሚለኝ።

ወንድሜ አምና ሲመለስ መዳፉ ተሰነጣጥቆ ቅቤ ስትቀቢው አይቻለሁ። ዘንድሮ «በገላባት ተሻግሬ ሱዳን ልግባ» ካለሽ እባክሽ ከልክይልኝ። እዚያ ጦርነት አለ። ያለ ወረቀት የሄደ ሰው ደሞዙን ቢከለክሉት እንኳ የት ሄዶ ይከሳል? መጀመሪያ ለእኔ ይደውል። የበቆሎ መፈልፈያ በጋራ እንግዛ ብሎኝ ነበር፤ ድርሻዬን አስቀምጫለሁ በይው።

ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ። የጉልበትሽን ቅባት በሰው ልኬልሻለሁ፤ ማታ ማታ ተቀቢው።

ልጅሽ