ከላይ ቤት የሚወቀጠው ቡና

ውዴ፣

ጠፋሁ፤ ይቅርታ። ቀሪውን ስድብ ስንገናኝ በአካል ትጨርሺልኛለሽ። ዛሬ የጻፍኩልሽ የግንባታ ሙያሽን ፈልጌ ነው። «ይህቺ ልጅ ትዝ የምላት ሲቸግራት ነው» ብለሽ ለባልሽ ስትነግሪው ይታየኛል። እውነትሽን ነው፤ ግን አንብቢው።

ከበላዬ ባለው ቤት ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጆች ተከራይተው ገብተዋል። ስንት እንደሆኑ እስካሁን አለየሁም፤ አንደኛዋን ግን በእርምጃዋ አውቃታለሁ፣ ተረከዟን ነው የምትጥለው። የከሰዓት ፈረቃ ሲሆኑ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይገባሉ። እኔ ደግሞ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የኔ ነው። ውሃ የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ በርሜል ይጎተታል፣ ሳፋ ይንኳኳል። ከዚያ ቡና። ሽታው በመስኮት ሲወርድ ትራሴን ጆሮዬ ላይ እጭናለሁ፤ የሚከተለውን አውቃለሁና። ሙቀጫው ወለሉ ላይ ይቀመጥና ዱም! ዱም! አምፖሌ ይወዛወዛል። ከዚያ ጸጥ ይላል፤ ያልደቀቀውን እየሰበሰበች ነው። ደግሞ ዱም! የሚገድለኝ መሃል ላይ ያለችው ጸጥታ ናት።

(ዶርም ሳለን እኩለ ሌሊት ላይ «ቦታ ልቀይር» እያልሽ አልጋ የምትጎትቺው ሴት፣ የታችኞቹ ልጆች ግፍ በኔ ወጣ።)

የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ጋ ሄጄ ነበር። ሊቀመንበሩ የጋራ ሕንፃ አዋጅ 370/1995ን እንደ ዳዊት ነው የሚደግመው። «አመልክቺ፤ አከራያቸው በሳምንቱ ያስወጣቸዋል» አለኝ። ማመልከቻውን ጽፌ ይዤው ስወርድ ደረጃው ላይ ገጠሙኝ። «ቲቸር፣ ደህና አደርሽ?» አሉኝ፣ የያዝኩትንም ደብተር ተቀበሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስረግማቸው ማደሬን ቢያውቁ! ደግሞስ ወዴት ይሄዳሉ? ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ «የሐዋሳ ኪራይ ያብዳል» ያልሽው ደርሷል። ማመልከቻው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ አላስገባሁትም፣ አልቀደድኩትምም።

ከበረባሶ ሰፊው ወፍራም የመኪና ጎማ አስቆርጬ ወጣሁላቸው። በራቸው ላይ ቆሜ ምን እንደምል ጠፍቶኝ «ይህ... ለሙቀጫው» አልኩ። መጀመሪያ ተያዩ፣ ከዚያ አፍረው ሳቁ፣ ከዚያ አስገብተው ቡና አጠጡኝ! በዚያ ሰዓት! ሳልተኛ አደርኩ። ግን ይኸው ከዚያ ወዲህ ዱሙ ድፍ ሆኗል፤ አምፖሉም አይወዛወዝም። የቀረው በርሜሉና ተረከዙ ነው።

አሁን ወዳንቺ። አንድ የጂፕሰም ባለሙያ «ኮርኒሱን በጂፕሰም ልሸፍንልሽ፣ ጭጭ ይላል» ብሎኛል። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ ወሬና ሙዚቃ በአየር ስለሚመጣ ክፍተት ሲደፈን ይቀንሳል፤ እርምጃና ውቀጣ ግን ሶሌታውን፣ በኔና በነሱ መሃል ያለውን ወለል፣ ራሱን እያንቀጠቀጠ በግድግዳውም ይወርዳል። የጂፕሰሙ ሰሌዳ ሶሌታው ላይ በቀጥታ ቢመታ አብሮ ይጮሃል እንጂ አይከለክልም። ጎማ ባለው ማንጠልጠያ ወርዶ መሃሉ ላይ ድምፅ የሚውጥ ፋይበር ካልገባበት ብሬን ኮርኒስ ላይ ሰቀልኩት ማለት ነው። ልክ ነኝ? የኛ ሶሌታ ደግሞ ውስጡ ባዶ ብሎኬት መሆኑን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ሰውዬው ስለ ማንጠልጠያ ስጠይቀው «እሱን ለኔ ተዪው» አለኝ፤ ይህን ሲል ነው የጠረጠርኩት።

በልቤ ያለው ሌላ ነው። በዚያው ብር ለነሱ ወፍራም ምንጣፍ ብገዛ ድምፁን እግራቸው ሥር ይይዝልኛል። ግን እንዴት ተብሎ ይሰጣል? ለበዓል ነው ብል? እንደ ድሃ ቆጠረችን ብለው ይቀየሙ ይሆን? ጎማው ቀልድ ነበር፤ ምንጣፍ ግን... አላውቅም። አንቺ ሰው ሳታስቀይሚ መስጠት ትችያለሽ፤ ያን ጊዜ ለኔም ኮቱን እንዴት አድርገሽ እንደሰጠሽኝ አልረሳሁም።

ባለሙያው ቅዳሜ ቀብድ ይጠብቃል፤ ከዚያ በፊት መልሺልኝ። ከ11 ሰዓት በኋላ ደውዪ፣ ቀን ክፍል ነኝ። አዳማ ያላችሁትን ሁሉ ሳሚልኝ፣ እማማን በተለይ።

ያቺው ጠፊ