የቼዝ ክበብ ዘገባ፦ የወረራው ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን በኅዳር ሊበተን ነበር። ሰበቡ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ነው። የመክፈቻ አካሄዶችን ከስልኩ ሸምድዶ ይመጣል፤ ማንንም በ10 ደቂቃ ይቀጠቅጣል። ለመሸነፍ ብሎ በደብረ ብርሃን ብርድ ከሰዓት በኋላ ማን ይቆያል?

መላው የድሮው ሰንጠረዥ፣ የአባቶቻችን ቼዝ ሆነ። «ነገ ሰንጠረዥ አለን» ስላቸው ግማሾቹ ማስመሪያ ይዘው መጡ። ደግነቱ ማስመሪያውም ሥራ አላጣም። የአባቶቻችን መጫወቻ ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም፤ የተሰመረ ጨርቅ ነው። ቀይ ጨርቅ ላይ 64 ቤት አሰመርን። ከሣጥኑ የጠፉትን መደቆች (ወታደሮቹን) በባቄላ ተካን።

«ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው» አለ ሻምፒዮናችን፣ ያው የ11ኛ ክፍሉ ልጅ። አፄ ልብነ ድንግልም ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ስነግረው ዝም አለ።

ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም እኩል፣ እጃቸው የቻለውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በተራ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጩኸታችን ጥበቃውን ዱላ አስይዞ አመጣቸው። ጠብ መስሏቸው።

የተሸመደደው መክፈቻ እዚህ አይሠራም። ወረራ ላይ የገዛ ሰልፉን ብቻ የሚያይ ያልቅለታል፤ ዐይን የባላጋራ እጅ ላይ መሆን አለበት። እሱ ፈረስ ሲያወጣ አንተ መደቅ ታስጠጋለህ፤ ሐሳቡን ሲቀይር ትቀይራለህ። ቶሎ መብላትም ወጥመድ ነው። ሰልፍህ ሳይሰናዳ ከበላህ ወረራውን የዘጋኸው ራስህ ነህ። ጥድፊያ የሚወዱት የ9ኛ ክፍል ልጆች ይህን ለመማር ወር ፈጀባቸው።

ጠጠሮቹም ዝግ ያሉ ናቸው። በንግሥቷ ቦታ ያለው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። መደቅ ሁሌም አንድ አንድ ነው፤ ጫፍ ሲደርስ ፈርዝ ይሆናል። በቢሾፑ ቦታ ያለው ፊል ግን በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፣ መሐል ላይ ማንም ቢኖር። አንዱ ፊል በዕድሜው የሚረግጠው 8 ቤት ብቻ ነው፤ በጨርቁ ላይ ያሉት አራቱ ፊሎችም ፈጽሞ አንድ ቤት ላይ አይገናኙም። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ደብተሯ ላይ ነጥብ እያደረገች ራሷ ደረሰችበት። እንደ ሒሳብ መምህር ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ቀን ያ ነው።

ብቻውን የቀረ ንጉሥ ቼክሜት አይደረግም። ስለዚህ ጠጠር ሁሉ መልቀም ድል አያመጣም። ሻምፒዮኑ ግን ልማዱ ነውና ይለቅም ነበር፤ ስንት ጨዋታ እጁ ላይ አቻ ሆነበት! ደግሞ በድሮው ወግ በደር (በቼዙ ሩክ) ወይም በፈረስ ማሸነፍ ብዙም አያስከብርም። በፊል ሲሆን ነው የሚፎከረው።

በሰኔ የመጨረሻው ጨዋታ ያቺው የነጥብ ልጅ ንጉሡን በሁለት ፊል አፈነችውና በባቄላ መደቅ ዘጋችው። ሻምፒዮኑ ባቄላዋን አንስቶ ትኩር ብሎ አያት፣ ኪሱ ከተታት። አልመለሳትም። ለመጪው ዓመት አንድ መደቅ ይጎድለናል።