ጀበናው ለምን አመድ መሰለ? የፎቶግራፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

መስከረም ላይ ክበቡን ስንጀምር በእጃችን የነበረው አንድ ካሜራ ብቻ ነው። የቀረው የተማሪዎቹ ስልክ ነው። ሃያ ያህል ልጆች ተመዘገቡ። ሁሉም ፎቶ ማንሳት እንደሚችሉ ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው፣ በየቀኑ ያነሳሉ። ግን አንዱ ፎቶ ለምን እንደሚጨልም፣ ሌላው ለምን ነጥቶ እንደሚጠፋ የሚያውቅ አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ የሠራነው ይህንኑ ነው።

መሠረቱ ሦስት ነገር ነው። አፐርቸር የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው። ሻተር ስፒድ ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ነው። አይኤስኦ ደግሞ ካሜራው የገባውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚያጎላው ይወስናል። የመጨረሻው ሲበዛ ፎቶው እንደ አሸዋ ይፈረፈራል።

ሻተሩና አይኤስኦው ቶሎ ገባቸው። አፐርቸሩ ግን አስቸገረ። «ቲቸር፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው እንዴት ይጠባል?» አለች አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ። ቁጥሩ አካፋይ ስለሆነ ነው። የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለ2 ሲካፈል ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለ16 ሲካፈል 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፤ ብዙዎቹ አሁንም ግራ ገብቷቸዋል። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ፣ «ድፎ ዳቦ ነዋ! ለ2 ሰው ሲቆረስና ለ16 ሰው ሲቆረስ እኩል ይደርሳል እንዴ?» አለ። ከዚያ ወዲህ ያንን ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። የሱን ድፎ ዳቦ ለሚቀጥለው ዓመት ልጆችም አስተምርበታለሁ።

ዝናቡ አባርቶ ኅዳር ሲገባ ሜዳ ወጣን። በጠራራ ፀሐይ አፐርቸሩ ኤፍ 16 (ያ ለ16 የሚካፈለው)፣ አይኤስኦው 100 ከሆነ ሻተሩን 1/125 ሰከንድ አካባቢ ማድረግ ይበቃል። መለኪያም አያስፈልግም። ወደ ኤፍ 8 ሲመጡ ቀዳዳው አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ ስለዚህ ሻተሩ 1/500 ይሆናል። በዚህ ፍጥነት የእረፍት ሰዓት ጨዋታ አነሱ፤ ኳሷ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ጅሬን፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስንሄድ ደግሞ ተቃራኒው ገጠመን። ውስጡ ጨለም ይላል፣ ደጁ ያበራል። አይኤስኦውን 1600 አድርሰን፣ ሻተሩን ወደ 1/30 አውርደን፣ ክንዳችንን ከጎናችን አጣብቀን አነሳን። ግማሹ ብዥ ያለ ነው። ግማሹ ግን የሰገነቱን እንጨት ከነጉድፉ ያሳያል።

ትልቁ ትምህርት የመጣው በጥምቀት ነው። ልጆቹ ያመጧቸውን ፎቶዎች አንድ ላይ ሳይ ደነገጥኩ። ነጠላው ሁሉ ያደፈ ይመስላል። የሰዉ ፊት ጠቁሮ ዓይን እንኳ አይለይም። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ምን እንደሚያይ አያውቅም። ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያሰላል። ሜዳው በነጠላ ሲሞላ «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ አንድ መጨመር ነው። ስልክ ላይ የሰውየውን ፊት ነክቶ፣ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ መግፋት ነው። የኛን ሰው መልክ ለሚያነሳ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ እውቀት የለኝም። የእናትህ ፊት ጠቁሮ ከጠፋ፣ ነጠላዋ ቢያምር ምን ያደርጋል?

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ይዛ በኢድ ጠዋት ሰጋጆቹን አነሳች። ማንም ሳይነግራት አንድ ጨምራለች። ጀለቢያው ነጭ ነው፣ ፊቶቹ ይነበባሉ።

ቀጥሎ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ የአያቱን ጀበና አንስቶ መጣ። «ቲቸር፣ ጀበናው ለምን አመድ መሰለ?» መልሱን እንዲያገኘው ለክበቡ ተውኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ጥቁሩ ጀበና ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው «ጨለመ» ብሎ አብርቶታል። እዚህ ላይ መቀነስ ነው። ልጁ ቅዳሜ ካሜራውን ተውሶ ተመለሰ። ትራይፖድ፣ ማለትም የካሜራ ማቆሚያ፣ የለንም። እሱ ካሜራውን የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ አስቀመጠው፣ አንድ ቀነሰ፣ በ1/4 ሰከንድ አነሳ። ጀበናው እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ አንገቱ ላይ ያለችው ስንጥቅ በመስኮቱ ብርሃን ቀጭን መስመር ሆና ወጣች። እንፋሎቱ እንደ ጥጥ ለስልሶ ከአፉ ይወጣል።

ሰኔ ላይ በቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር 30 ፎቶ ሰቀልን። አያትየው ነጠላቸውን ተከናንበው መጡ። ሌላውን ሁሉ አልፈው ጀበናው ጋ ቆሙ። ስንጥቋን በጣታቸው ዳሰሱና «ይቺን እንኳ አየህብኝ?» አሉ የልጅ ልጃቸውን። እሱ ራሱን አቀርቅሮ ፈገግ አለ።

ለሚቀጥለው ዓመት ትራይፖድና ትርፍ ባትሪ ያስፈልገናል፤ ወላጆች ብትተባበሩን ደስ ይለናል። ምዝገባው መስከረም ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። ካሜራ የሌለው ስልኩን ይዞ ይምጣ።