ልጅቷን ላኪልኝ ላልሽኝ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የልጅ ልጅሽ መገላበጥ ጀምራለች።

እሁድ ደውለሽ «ልጅቷን ላኪልኝ፣ አንቺ ሥራሽን ያዢ» ስትዪኝ ዝም አልኩሽ። ድምፄ እንዳይሰበርብኝ ፈርቼ ነው። ይኸው ጻፍኩልሽ። ለወንድሜ በቴሌግራም እልከዋለሁ፣ እሱ ያንብብልሽ።

ሥራ ስመለስ የሆነውን ስልክ ላይ ቆራርጬ ነው የነገርኩሽ። ከሥሩ ልንገርሽ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አለ። ልጄ ቀድማ ስለመጣች ከ30ው የወሰድኩት 12 ቀን ብቻ ነው። 90ው ከወለድኩበት ቀን መቆጠር ጀመረ። የዓመት ፈቃዴንም ጨመርኩበት። ለአባቷ የተሰጠው 3 ቀን ነበር። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር? በ80 ቀኗ ክርስትና አስነስተሽ ስትሄጂ ቤቱ ጭር አለብኝ።

እኔ አራስ ቤት ሳለሁ ባንካችን መዋቅሩን ቀየረ። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው ሕግ ታኅሣሥ 2017 ከጸደቀ ወዲህ የቢሮው ወሬ ሁሉ ውድድር ውድድር ነው። ብሔራዊ ባንክም የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር አድርሶታል። መለወጥ እንዳለብን ይገባኛል። የከፋኝ አካሄዱ ነው።

ድልድል ይሉታል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ሦስት የሥራ መደብ መርጦ ቅጽ ይሞላል፣ ከዚያ ይመደባል። ቅጹ የመጣው በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ነው። የእኔ የይለፍ ቃል በፈቃድ ላይ እያለሁ ጊዜው አልፎበት ተዘግቷል። የመጀመሪያው ቀን ስገባ ወንበሬ ላይ የማላውቀው ልጅ ተቀምጧል። ብድግ ብሎ «እህቴ፣ ማንን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። ልጁ ምን ያድርግ፣ ተመድቦ ነው።

«ቅጹን ስላልሞላሽ በተረፈው ቦታ ተመደብሽ» አሉኝ። ቃሊቲ ያለ ቅርንጫፍ፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ መደብ። ደመወዝሽ አይነካም ተባልኩ። እማዬ፣ 8 ዓመት የብድር ፋይል የመረመርኩ ሰው ነኝ። ከአያት ሰፈር ቃሊቲ ተመላልሼ ልጄን መቼ ነው ነቅታ የማገኛት?

አዋጁን ደግሜ አነበብኩት። ሠራተኛ ሲቀነስ ነፍሰ ጡሮችና ከወለዱ 4 ወር ያልሞላቸው እናቶች የሚነኩት መጨረሻ ላይ ነው ይላል። እኔ 4 ወር ሊሞላኝ 9 ቀን ቀርቶኝ ነበር። የሰው ኃይል ኃላፊው «ይህ ቅነሳ አይደለም፣ ድልድል ነው» አለኝ። በቃሉ ከሄድን ልክ ነው። እኔ የጠየቅኩት ግን ሌላ ነው። ለምን በስልክ አልነገራችሁኝም? ቁጥሬን ያውቁታል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው የደወሉልኝ በዚሁ ቁጥር ነው።

ቅሬታዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። በፈቃድ ላይ ያሉ ሌሎች ሁለት ሴቶች አሉ። ቅጹ ለእነሱም እንዲከፈት ጠይቄያለሁ። ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል። እስከዚያ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው የምውለው።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። በሁለተኛው ቀን ጡቴ ሞልቶ ሸሚዜ ረጠበ። ወተቱን የማልብበት ቦታ አጣሁ። በሩ ላይ ሴቶችን የምትፈትሸው ጥበቃ አየችኝ። ምንም ሳትጠይቀኝ እጄን ይዛ መፈተሻዋ ውስጥ አስገባችኝ። መጋረጃውን ዘግታ ውጭ ቆመችልኝ። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ።

እዚያ ቁጭ ስል ኮምቦልቻ ትዝ አለችኝ። 1997 ላይ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያኔ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ብቻ ነበር። የትምህርት ፈረቃዬ ከሰዓት ስለነበር ወንድሜን አዝዬ ስድስት ሰዓት ላይ የምትሠሪበት ፋብሪካ በር እመጣለሁ። ፀጉርሽ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ ትወጫለሽ። አጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ታጠቢዋለሽ። ደወል ሲደወል እየጮኸ ትመልሺልኛለሽ። ለምን ቤት አትቀመጥም እያልኩ ስንት ቀን ተናድጄብሻለሁ! አንድ ቀን «ሰለቸኝ» ብዬሽ አለቀስኩ። ምንም አልተናገርሽም። እሱን ከጡትሽ ሳታላቅቂ በነጠላሽ ጫፍ ፊቴን ጠረግሽልኝ።

ያኔ ምን ያህል እንደደከመሽ አልጠየቅኩሽም። ይቅር በዪኝ እማዬ።

ልጄን ግን አልልክልሽም። ፍቅርሽ ጠፍቶኝ አይደለም። አንቺ በዚያ ሁሉ መሃል እንኳ ወንድሜን ለሌላ ሰው አልሰጠሽም፤ በቀን አንዴም ቢሆን እቅፍሽ ውስጥ ይገባ ነበር። እኔም ማታ ስገባ እሷን ማቀፍ እፈልጋለሁ። ሞግዚቷ ጥሩ ሰው ናት። ኮሚቴው ባይቀበለኝም ሥራዬን አልለቅም፤ ቃሊቲም ቢሆን እሄዳለሁ።

ይልቅ አንቺ ነዪ። ፋሲካን እዚያ ዋዪና ወንድሜ ይዞሽ ይምጣ። ጉልበትሽንም እዚህ እናሳያለን።

ደግሞ የአጥሚቱ እህል አልቆብኛል። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ትንሽ ላኪልኝ።

ልጅሽ