ድካሙ የሚጀምረው ቦታ ካጣ ዕቃ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ስለ ቤት አያያዝ የሚያወጣቸውን ጽሑፎች ለዓመታት ስከታተል ቆይቻለሁ። አብዛኞቹ የትኛው ሳሙና የትኛውን እድፍ እንደሚያስለቅቅ የሚያስረዱ በመሆናቸው ጠቅመውኛል። ሆኖም ከዚያ የሚቀድመው ጥያቄ፣ ማለትም ቤት ማጽዳት ለምን ይህን ያህል እንደሚያደክም፣ ተገቢውን ስፍራ ያገኘ አይመስለኝም። በእኔ እምነት ድካሙን የሚያበዛው ቆሻሻው ሳይሆን ቋሚ ቦታ የሌለው ዕቃ ነው። ወለል መወልወል የሚቻለው እላዩ ላይ ያለው ሁሉ ከተነሣ በኋላ ስለሆነ፣ ጨርቁ ገና ውሃ ሳይነካ ጉልበታችን ያልቃል።

ይህን ያስተማረችኝ በር አጠገብ የነበረች አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ናት። ከውጭ የሚገባ የቤተሰቡ አባል ሁሉ ቁልፉን፣ ደረሰኙን፣ መነጽሩን፣ የስልክ ቻርጀሩንና ያልተከፈተ ፖስታውን የሚጥለው እሷ ላይ ነበር። በየሳምንቱ እያነሣሁ ወደየክፍሉ አደርሳለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ክምሩ ይመለሳል። ስቆጣም ስለማመጥም ከከረምኩ በኋላ፣ ጥፋቱ የሰዎቹ ሳይሆን የአቀማመጡ መሆኑ ታየኝ። የቁልፍ መስቀያው መኝታ ቤት ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ደክሞት የገባ ሰው ኮሪደሩን ሁሉ አልፎ እዚያ ድረስ ይሄዳል ብሎ መጠበቅ ተገቢ አልነበረም። መስቀያውን ነቅዬ በሩ አጠገብ መታሁት፤ ለወረቀት ክዳን የሌለው ቅርጫት ከሥሩ አስቀመጥሁ፤ ጠረጴዛዋንም ከዚያ አነሣኋት። ከዚያ ወዲህ ክምሩ አልተመለሰም፤ ማንንም መቆጣት አላስፈለገኝም።

ቅርጫቱ ክዳን የሌለው መሆኑን የጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው። ብዙ ሰው ቤቱን ለማደራጀት ሲነሣ በመጀመሪያ የሚገዛው የሚያምር ባለክዳን ሣጥን ነው፤ ነገር ግን አንድን ዕቃ ለመመለስ ሣጥን ማውረድ፣ መክፈት፣ መዝጋትና መልሶ መስቀል የሚጠይቅ ከሆነ ዕቃው ሣጥኑ ላይ ተጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ለማውጣት ሳይሆን ለመመለስ የሚቀለውን መምረጥ ይሻላል። አንድ ዕቃ የት እንደሚቀመጥ ሲወሰንም «የት ይበቃዋል?» ከማለት ይልቅ «ብፈልገው መጀመሪያ የት ሄጄ አያለሁ?» ብሎ መጠየቅ ይረዳል። ሁሉን ነገር በየዓይነቱ ለይቶ መደርደር ራሱ ሌላ ሥራ ስለሆነ፣ ልዩ ልዩ ጥቃቅን ነገር የሚገባበት አንድ መሳቢያ ቢኖር ነውር የለውም።

ዕቃ ከሚሠራበት ቦታ ጋር ይቀራረብ የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ እ.ኤ.አ. በ1926 ለፍራንክፈርት ከተማ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ማዕድ ቤት የነደፉት፣ ሥራው የሚጠይቀውን እርምጃና ጊዜ መሠረት በማድረግ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ መደርደሪያው፣ የዕቃ ማጠቢያውና ምድጃው በጥቂት እርምጃ የሚደረስባቸው ሲሆኑ፣ ለደረቅ እህል የተዘጋጁት የአሉሚኒየም መሳቢያዎችም የይዘታቸው ስም ተጽፎባቸው ነበር። በዚህ ንድፍ 10,000 ያህል ማዕድ ቤቶች ተሠርተዋል። እኛ ግድግዳ ማፍረስ አይጠበቅብንም። የመታጠቢያ ቤቱ ብሩሽና ጨርቅ እዚያው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቢሰቀል፣ ፎቁ ላይ ሌላ መጥረጊያ ቢኖር፣ በየቀኑ የምንነካው ዕቃ ከወገብ እስከ ዓይን ባለው ከፍታ ላይ ቢሆን ያው ሐሳብ ተፈጸመ ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለቤት ጽዳትም ይሠራል። ምድጃ ላይ የተፈናጠረ ዘይት ገና ሳይደርቅ ሳሙና በነካው ጨርቅ ወዲያው ይነሣል፤ ሰንብቶ ሙቀትና አየር ሲያገኘው ግን ጠጥሮ እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ ብዙ መፈግፈግ ይጠይቃል። ቧንቧ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገርም ውሃው ሲተን የሚተወው ማዕድን በመሆኑ፣ ከታጠቡ በኋላ ቧንቧውን በደረቅ ጨርቅ አንድ ጊዜ ማበስ አብዛኛውን ያስቀረዋል። አስቀድሞ የተጋገረውን ደግሞ አቼቶ ያሟሟዋል፤ በእሱ የተነከረ ጨርቅ ቧንቧው ላይ ለግማሽ ሰዓት ጠቅልሎ መተው በቂ ስለሆነ ክንድን ማድከም አያስፈልግም። እብነ በረድን ግን አሲድ ስለሚበላው አቼቶ ሊነካው አይገባም። አቧራም ወደ ታች ስለሚወርድ ከመደርደሪያው ጀምሮ ወለሉ ላይ መጨረስ አንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ ከማጽዳት ያድናል።

ሥራ ለማፍጠን ሲባል ግን በፍጹም የማይደረግ ነገር አለ። አንድ ቀን ቶሎ ይለቃል ብዬ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በረኪና ካፈሰስሁ በኋላ አሲድ ያለበት ማጽጃ ጨመርሁበት፤ ዓይኔ አለቀሰ፣ ሳሉም ትንፋሽ አሳጣኝ፣ በሩን ከፍቼ ሮጬ ወጣሁ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ አቼቶም አሲድ ነው። በረኪና በአንዳንድ የመስታወት ማጽጃዎች ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲቀላቀልም ሳንባን የሚጎዳ ሌላ ጋዝ ይፈጠራል። ይህ ማስጠንቀቂያ ስለ ጽዳት በሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ ላይ ቢደገም አይበዛም።

ዕቃው የት እንደሚቀመጥ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ የቤቱ ሥራ ሁሉ በዚያ ሰው ትከሻ ላይ መውደቁ አይቀርም። «የት ላስቀምጠው?» የሚለው ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ ወደ አንዲት እናት የሚመጣበት ቤት ብዙ ነው። ሕፃን እንኳ የሚደርስበትና የሚያውቀው ቦታ ካለ መጫወቻውን ራሱ ይመልሳል። በመሆኑም የቤት አያያዝ አምዳችሁ ስለ ማጽጃዎች ከሚጽፈው እኩል ስለ አቀማመጥም እንዲጽፍ፣ አንባቢዎችም በየቤታቸው ክምር የሚበዛበትን አንድ ቦታ መርጠው ምን እንደለወጡና ምን እንዳገኙ እንዲያካፍሉ እንድትጋብዙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ